ቀድሞ የወደቀው ማኅተም

ጋሽ እድሪስ መሞቱን የነገረችኝ እህቱ ፎዚያ ናት። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንድ ጆንያ ሽንኩርትና በአንድ ወፍራም ወታደር መካከል ተጣብቄ ነበርና ስልኩን ያነሣሁት በትከሻዬ ደግፌ ነው። "ወንድሜ አረፈ" አለችኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚለውን ነገር አላጣሁትም፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። "መቼ?" ብቻ አልኳት። ዛሬ ንጋት ላይ ነው፣ ልቡ ነው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል፣ አንቺ ቤት ነይ፣ ትመጫለሽ አይደል አለች።

ሥራ አለብኝ አልኳት።

ፎዚያ አልተቀየመችኝም። ወይም በዚያ ቀን ብዙ የሚያስቀይም ነገር ነበረባትና ለእኔ ተራ አልደረሰኝም። ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ጨመረች። በወንድሟ ስልክ ውስጥ "የዳባቷ ልጅ" ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር አግኝታለች። ማን እንደሆነች አታውቅም። አንቺ አብራችሁ ትሠሩ ነበርና ካወቅሻት መርዶውን ንገሪያት አለችኝ፤ ቁጥሩንም ወዲያው ላከችው።

አወቅኳት እንጂ። እኔና ጋሽ እድሪስ አንድ ላይ ሆነን የበደልነው ሰው በምድር ላይ ቢኖር እሷ ናት። ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ቆርጠን ጣልንባት። ከዚያ በደሉን እኔ ብቻዬን ተሸክሜ ወጣሁ፣ እሱ ዝም አለ። ስለዚያ ዝምታው ሦስት ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ታዲያ ቁጥሯ እሱ ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሙት ወቃሽ አትሁኚ ትላለች እናቴ። እኔ ግን ቆሞ ሲሄድም ስወቅሰው የነበርኩ ነኝ። አሁን ሞተ ብዬ ባቆም፣ ያን ጊዜ የወቀስኩት በሐሰት ነበር ማለት ይሆናል።

ጋሽ እድሪስ የጨርቅ ነጋዴ ዘር ነው። አባቱም አያቱም አዲስ ዓለም ሰፈር ጣቃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። እሱም እስከ ሠላሳ ዓመቱ ድረስ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አቡጀዲ ሲለካ ኖረ። ኋላ ሱቁን ለወንድሞቹ ትቶ፣ ኮምፒውተር በራሱ ታግሎ ተምሮ፣ ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራየና ዌብሳይት መሥራት ጀመረ። ከጨርቅ ቤቱ ይዞት የመጣው አንድ ነገር ቢኖር የብረት ሜትሩን ነው። በሱ ስክሪኑን ይጠቁማል፣ በሱ ጀርባውን ያካል፣ በሱ ጠረጴዛ ይመታል። እኔን አንድ ቀንም አልነካኝም። ጠረጴዛውን ሲመታው ግን የሚያመው እኔን ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያላመጣሁ፣ ስድስት ወር የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቼ የወጣሁ፣ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ተረጋግቼ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። የቀጠረኝም ለማንቀሳቀስ ሥራ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ቁልፍ ስትነኩ የሚከፈተው፣ የሚንሸራተተው፣ ቀለሙን የሚለውጠው ነገር ሁሉ በራሱ ፈቃድ አይደለም የሚንቀሳቀሰው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ይጽፍለታል። አኒሜሽን የሚሉት እሱን ነው። ጋሽ እድሪስ የቀረውን ኮድ ይጽፋል፣ እኔ አኒሜሽኑን።

በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ሆቴል ገጽ ሠራሁ። የሆቴሉ ስም ፊደል በፊደል ከላይ ይንጠባጠባል፣ ፎቶዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ቁልፎቹ ጣት ሲቀርባቸው ይዘላሉ። ሦስት ቀን ምሳ እየዘለልኩ ነው የሠራሁት። የሆቴሉ ሰው ባለበት አሳየሁት። ጋሽ እድሪስ ሜትሩን አገጩ ሥር አድርጎ እስከ መጨረሻው አየና፣ "ማን ሊያገባ ነው?" አለኝ።

"ምን?"

"ሁሉም ይጨፍራል። ሙሽራው የታለ?"

የሆቴሉ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁሉንም አውጪው ተባልኩ፣ አወጣሁት። ገጹ እንደ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ አሁን መንቀሳቀስ ያለበትን አንዱን ንገሪኝ አለኝ። ምንም አልኩት በብሽቀት። "እሺ፣ ከሱ እንነሣ" አለና ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ ማታ አልተነሣም፤ እኔም እንድነሣ አልፈቀደልኝም።

ሕግ ነበረው። ነገር የሚንቀሳቀሰው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ለመናገር ብቻ ነው፣ የቀረው እስክስታ ነው ይላል። ይህን ሕግ እንዴት እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ቁልፉ በግራ በኩል የሆነ፣ ሲነካ ግን ከቀኝ እየተንሸራተተ የሚወጣ ሜኑ ሠራሁ። ተነሺ አለኝ፣ ተነሣሁ። በበሩ ውጪ አለኝ፣ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ በሩን ከውስጥ ዘጋና፣ "በይ በመስኮቱ ግቢ" አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከታች ካለው ፎቶ ቤት ያለችው ልጅ ጭምር ሰምታ ስቃለች። እስክለምነው አልከፈተልኝም። ስገባም ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ "ሰው በወጣበት ነው የሚገባው።" ሜኑውን አስተካከልኩት። ደግሞ ልክ ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው።

ሌላ ቀን ከወንድሞቹ ሱቅ አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ መጣ። ኪቦርዱን ገፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ጫፉን በግራ እጁ ይዞ ጣቃውን በቀኙ ገፋው። ጨርቁ ዱብ ዱብ እያለ ተተረተረና ደረቴ አጠገብ ሲደርስ ዝግ ብሎ ቆመ። አንድ ጣት ሲቀረው። "አየሽ? ሲነሣ ይፈጥናል፣ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ይዘገያል። ካልዘገየ ፊቱ ላይ ይወድቃል። አንች ሁሉንም ፊቴ ላይ ነው የምትጥይው።" እየጠቀለለ ቆየና ሌላ ነገር ተናገረ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በፍጥነት የሚዘረጋ ጣቃ ካየሽ ብል የበላው ነው አለኝ። ነጋዴው ቀዳዳውን እንዳታይ ነው የሚያጣድፈው፤ አባቱ እንዲህ ያለ ጣቃ ገና በድምፁ ያውቅ ነበር።

ይህን አባባል ያዙልኝ። ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥምቀት በዋለ ማግስት መንገዱ ታቦት በሚያስገባ ሰው ተዘግቶ፣ ከቀሐ ጀምሮ በእግሬ ዞሬ ስደርስ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በሜትሩ ጠቆመኝ። "ታቦቱ ወጥቶ፣ አድሮ፣ ገባ። አንች ገና ትመጫለሽ" አለኝ። እንዲህ ነበር። የሚስቁ ሰዎች በሌሉበት ብዙም አይናገርም። ምስጋና ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ከገጠር ደንበኞቹ የለመዳት "ሸጋ" የምትል ቃል ነበረችው፤ ለሻይ ይላታል፣ ለዝናብ ይላታል፣ አንድ ጊዜ ለመንገድ አህያ ሲላት ሰምቻለሁ። ለእኔ ሥራ ብሏት አያውቅም። እኔም እሷን ቃል ለመስማት ስል፣ ሳላውቀው፣ ብዙ ነገር አደርግ ነበር።

ከዚያ የኮሌጁ ሥራ መጣ። የግል ኮሌጅ ነው፣ ስሙ ይቅር። ነርስ ያሠለጥናል። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ የሚመጡ ልጆች ለመመዝገብ ብቻ ጎንደር እየወረዱ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚጉላሉ በስልክ ይመዝገቡ ተባለ። ቅጹን ትሞላለህ፣ "ላክ" የሚለውን ትነካለህ፣ ከሥር "ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ አለቀ።

ሰው ግን አለቀ አይልም። በሙከራው ዕለት ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ላገኘናቸው ሰዎች ስልክ ሰጥተን አየናቸው። "ላክ"ን ይነካሉ፣ "ተልኳል"ን ያነባሉ፣ ከዚያ ስልኩን እንደያዙ ቆመው ይቀራሉ። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ልጃቸው ቅጹን ከሞላች በኋላ፣ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩትና "ማኅተሙስ?" አሉን። እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር ማኅተም ያልተመታበት ነገር ገና አልተደረገም። ሰው ቀበሌ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው ማኅተሙን ዷ አድርጎ ሲመታለት ግን ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ዞሮም አያይ።

ማኅተሙን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አይወስድብኝም፤ ኩራቱንም ጥፋቱንም። "ላክ" ሲነካ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ከላይ ብቅ ይላል፤ ጥላው ቅጹ ላይ እየጠበበ ይመጣል፤ ሲያርፍ ቅጹ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስልኩም እጅ ውስጥ ትር ይላል። ሲነሣ የሚተወው ክብ ትንሽ ያዘመመ ነው፣ በአንድ ጎኑም ቀለሙ ሳሳ ያለ፤ ቸኩሎ የሚመታ የቀበሌ ጸሐፊ የመታው ይመስላል። አወራረዱን የጨርቁን ልክ ነው የሰጠሁት፤ ሲነሣ ፈጥኖ፣ ሲደርስ ዘግይቶ።

መጀመሪያ ስሠራው ማኅተሙ የሚወርደው በትክክለኛው ሰዓት ነበር። ቅጹ ኮሌጁ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ "ደርሶኛል" ብሎ ይመልሳል፣ ያኔ ማኅተሙ ይወርዳል። ችግሩ ኔትወርኩ ነው። የኮሌጁ ሬጅስትራር ሊያይ መጣ፤ የራሱን ስልክ አውጥቶ "ላክ"ን ነካ። ማኅተሙ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጠበቅን። ሰውየው ስልኩን አራገበው። "ሞተ እንዴ?" አለ። ጋሽ እድሪስ አፍሮ ጠረጴዛውን ሲመታው ብርጭቆው ዘለለ።

"አንች፣ ሬሳ ነው የምታሳይን?"

አስተካክዬ አመጣሁ፤ አሁንም ተንጠለጠለ። ሦስተኛም እንዲሁ። ሬጅስትራሩ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ካልሆነ ባሕር ዳር የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ ብሎ ወጣ። ጋሽ እድሪስ በሩ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ነገ ይህ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ማኅተሙ ይውረድ አለኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቀው እንደ መስኮቱ ቀን ያደርገኛል ብዬ ነው። ከመጠየቅ አንድ መስመር ማንቀሳቀስ ቀለለኝ። ማኅተሙ መልሱን መጠበቁን ትቶ ጣት እንደነካ ወዲያው እንዲወርድ አደረግኩት። ቅጹ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ቢሆንም መድረሱ አይቀርም፣ ቢዘገይ ትንሽ ነው አልኩ። ጭራሽ ላይደርስ እንደሚችል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ላስበው አልፈለግኩም።

በማግስቱ ሬጅስትራሩ ነካ፣ ማኅተሙ ወረደ። ሳቀ። እንደ ልጅ ደግሞ ነካው፣ ደግሞ ወረደ። ጋሽ እድሪስ ስልኩን ተቀበለውና አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ ነካ። ወረደ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ስልኩን ለባለቤቱ እየመለሰ፣ "ሸጋ ነው" አለ።

ያን ቀን እስከ አዘዞ በእግሬ ነው የሄድኩት። ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ የምችል አልነበርኩም፤ ደስ ብሎኛል።

ምዝገባው ሲያልቅ የተመዘገቡት ስም ተለጠፈ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ማኅተም ተመትቶልኛል፣ ስሜ ግን የለም። ኔትወርክ በተቆረጠበት ሁሉ ቅጹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ማኅተሙ ግን ወርዷል፤ እነሱም ማኅተም አይተዋልና ስልካቸውን ዘግተው ሄደዋል። "ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ደግመው ይሞክሩ ነበር፣ ደውለው ይጠይቁ ነበር። ማኅተም ያየ ሰው አይጠይቅም። ኮሌጁ ጥቂት ቀን ጨመረና አብዛኞቹ ራሳቸው ወርደው በወረቀት ተመዘገቡ።

አንዷ ግን ዘግይታ ሰማች። የሻረግ ትባላለች፣ ከዳባት። እሷ ሁለት ዕድል ነበራት። የመምህራን ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ ነርስ መሆን ግን ነበር የምትፈልገው። ማኅተሙን ስታይ ነርስነቱ ቁርጥ ሆነ ብላ መምህራን ኮሌጁን አልመጣም አለች፤ ቦታዋን ለተከታዩ ሰጡት። ስትደውልልን የኛም ሞልቷል፣ የዚያም አልቋል። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አልጮኸችም። ማኅተሙን አይቻለሁ፣ እንዲያው ስሜ በስሕተት ተዘሎ ይሆን ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ በትሕትና። ጋሽ እድሪስ ከጎኔ ሆኖ ሰማ። ስልኩ ሲዘጋ ኮዱን ክፈቺው አለኝ። ከፈትኩት። ያንቀሳቀስኳት መስመር ላይ ሜትሩን አሳርፎ ቆየ።

"ነገ ዳባት እንሄዳለን" አለ።

በስልክ ብንነግራትስ አልኩት።

"በስልክማ ነግረናታል። ማኅተም አሳይተናታል።"

ሄድን። የዳባት ብርድ አጥንት ይገባል። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ ነው፤ አባትየው፣ አያ ሞላ፣ እንግዳ መጣ ብለው አጎዛ አነጠፉልን። ለልጃቸው የምሥራች ይዘን የመጣን መስሏቸዋል፤ ያንን በፊታቸው አይቼ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። ጋሽ እድሪስ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና በአገጩ ጠቆመኝ። ተናገሪ ነው። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ኔትወርኩ ጀመርኩ፤ አያ ሞላ እንደማይገባው ሰው ሳይሆን እንደሚታገሥ ሰው ያዩኛል። አቋረጥኩትና፣ "ማኅተሙ ውሸት ነው አያ ሞላ። ወረቀቱ ሳይደርስ ነው የተመታው" አልኳቸው።

"ማነው የመታው?"

"እኔ ነኝ።"

አያ ሞላ ወደ ጋሽ እድሪስ ዞሩ። ትልቅ ሰው ተቀምጦ ትንሽ ሲናገር ትልቁ ምን ይላል ብሎ ማየት ያገሩ ወግ ነው። ጋሽ እድሪስ ኮፍያውን አየ። ምንም አላለም። ሬጅስትራሩን አላነሣም፣ ዓይን ሳይነቀል ይውረድ ማለቱን አላነሣም። አያ ሞላ ወደ እኔ ተመለሱና በዝግታ፣ "ምነው ልጄ? በምን አስቀየምንሽ?" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሻረግ ምሰሶው ሥር ቆማ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ፣ አባቷን አጠገቧ አስቁማ፣ ማኅተሙ ሲወርድ አብረው እንዳዩት ተናገረች። "በቃ፣ ተመታልሽ አለኝ" አለች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ወገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ እዚያ ቤት ምነው ዝም አልክ ብዬ ጠየቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሳልለው።

"ቶሎ ወረደ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ማኅተሙ። ያን ቀን። መልስ ጎንደር ላይ በዚያ ፍጥነት አይመጣም። በእጄ ስነካው አወቅኩት።"

"ብል የበላው መሆኑን አውቀህ ነው ሸጋ ያልከው?"

"ሬጅስትራሩ እፊቴ ቆሞ ነበር።"

ታዲያ ይህን ለምን ለአያ ሞላ አልነገርክም አልኩት። መስኮቱን አየ። ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው። "አምባ ጊዮርጊስ ደረስን" አለኝ።

በማግስቱ ማኅተሙን አስተካከልኩት። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ከሥሩም "መልሱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ አይዝጉት" የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ የሚወርደው መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። ጋሽ እድሪስ አየው፣ አነበበው፣ ስልኩን መለሰልኝ። ወሩ ሲያልቅ ለቀቅኩ። ደህና ሁኚም አላለኝ። ሜትሩን አንሥቶ በእኔ ቦታ የገባውን ሰው ስክሪን ጠቆመ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ እሠራለሁ። ለክሊኒክ ሠርቻለሁ፣ ለትራንስፖርት ማኅበር ሠርቻለሁ። እኔ የሠራሁት ገጽ ላይ ምንም ነገር ሳይደርስ ደረሰ አይልም። ደንበኞቼ ዘገየ ይሉኛል። ይዘግይ እላቸዋለሁ። ከጨዋነት እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷን መስመር ስጽፍ ያንን ኮፍያውን የሚያይ ሰው እያሰብኩ፣ እንደሱ አልሆንም እያልኩ ነው። ንዴት ነው የሚያሠራኝ።

ፎዚያ በላከችው ቁጥር እስከ ማታ አልደወልኩም። በኋላ ደወልኩ። የሻረግ ድምፄን አወቀችው። ጋሽ እድሪስ አረፈ አልኳት። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ይህን አልጠበቅኩም።

"ቁጥርሽ እሱ ስልክ ውስጥ ነበር" አልኳት።

"እንዴታ። በኛም በዓል በነሱም በዓል ይደውላል።"

ነገሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። በሄድን በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ ዳባት ወጥቷል። አጎዛው ላይ አልቀመጥም ብሎ መሬት ተቀምጦ ለአያ ሞላ ነግሯቸዋል። የሻረግ ቃሉን ቃል በቃል ይዛዋለች፤ "ልጅቱ ያጠፋችው አንድ ነው፣ እኔ ያጠፋሁት ሁለት። አይቼ ዝም አልኩ፤ ቤትህ ድረስ መጥቼም ዝም አልኩ።" አያ ሞላ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ያውቃሉና ቆሎና ወተት አቀረቡለት። በላ። ከዚያ ወርዶ መምህራን ኮሌጁን ደጅ ጠና፤ አልሆነም። እሷ በዓመቱ እንደገና ተወዳድራ እዚያው ገባች፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። "ነርስ አልሆንኩም" አለችኝ። እንዲሁ፣ ሳትወቅሰኝም ሳታባብለኝም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አስምሎን ነው። አባቴን በመስቀል፣ እኔንም።"

"ምን ብሎ?"

"ከሰማች እጇ ይላላል ብሎ።"

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ሦስት ዓመት። ለነሱ ጥፋቱን ሲናገር እኔን ዘለለኝ። ጥላቻዬን እንደ ሜትሩ እጄ ላይ አስቀምጦት ሄደ፤ እንዳልዘናጋ። ደግሞ አልተዘናጋሁም። ይህንንም ልክ ነበር ብዬ ልሙት?

"ክፉ ሰው ነው" አልኳት።

"ክፉ ነው" አለችኝ የሻረግ። ቀጥላም፣ "መጣ ግን" አለች።

በማግስቱ አዲስ ዓለም ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ልናገር ነው የሄድኩት፤ ምን እንደምናገር ባላውቅም። ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፎዚያ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች፣ ያለቀሰ ፊቷ ላይ "ሥራ አለብኝ" ማለቴን አስታውሳ ፈገግ ያለችም መሰለኝ። በየአፉ ውዳሴ ነው። እድሪስ ሐሰት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ትላለች አንዷ። እድሪስ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ሜትሩ ትላለች ሌላዋ። ጥርሴን ነከስኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ሻሻቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። የማን ልጅ ነሽ፣ ምኑ ነሽ አሉኝ። አብሬው እሠራ ነበር አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ ሌሎቹም ዞሩ።

"በይ እስኪ አንች ንገሪን፣ አብረሽው ውለሻል። ሸጋ ሰው ነበር፣ አይደል?"

ሁሉም ይጠብቃሉ። ቶሎ አዎ ማለት ይቀለኝ ነበር፤ እንባም ያስከትላል፣ ያምራልም። ቶሎ አይደለም ማለትም ይቀለኝ ነበር፤ ለሱ ሦስት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ። አሮጊቷ እጄን ያዙኝና ነቅነቅ አደረጉኝ፤ ያልሰማኋቸው መስሏቸዋል።

ሰምቻቸዋለሁ። መልሱ ገና መንገድ ላይ ነው።